ከአማካሪዬ ጋር ያስታረቁኝ ሽማግሌዎች

ዛሬ ከዶክትሬት አማካሪዬ ጋር ታርቄ ዋልኩ። የሚገርመው አልተጣላንም ነበር።

የማጠናው ሰብአዊ ጂኦግራፊ ነው። አሰላ ስትሰፋ ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ገበሬዎች ኑሮ እንዴት እንደሚለወጥ። ለዚህ ብዬ ጠዋት የከተማው ዳር የአንድ ሰፈር ሽማግሌዎችን ከትልቁ ጽድ ሥር ሰበሰብኩ።

መቅረጫውን ሳልከፍት ኦቦ ቱፋ፣ የሁሉም ታላቅ፣ "ባላጋራህ የት አለ?" አሉኝ። እዛ ሰፈር ሽማግሌ የሚቀመጠው ሰው ሲጣላ ነው።

"ጠብ የለኝም አባባ፣ ለጥናት ነው።"

"የተጣላ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እንደሱ ነው የሚለው።"

ታዲያ ምን ያስለፈልፈኛል? አማካሪዬ ምዕራፌን ከላክሁላቸው ወራት እንዳለፉ፣ ስልኬንም እንደማያነሱ ተናገርኩ።

አለቀ። ኦቦ ቱፋ ቁጥሩን ተቀብለው በራሳቸው ስልክ፣ ድምፁን ለሁላችን ከፍተው ደወሉ። "ከአሰላ ሽማግሌዎች ነን። ልጁ አጥፍቶ ከሆነ ይቅርታ ይጠይቅሃል፤ አንተም አንብብለት።"

"እሺ አባቶቼ፣ እስከ ዓርብ አነባለሁ" አሉ ዶክተሩ። ድምፃቸውን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

እኔም ይቅርታ ጠየቅኩ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ቃለ መጠይቁስ? "ጉዳዩ አለቀ እኮ!" ብለው መርቀውኝ ተነሱ።

ደስ ብሎኝ ቤት ገብቼ ምዕራፉን ከፈትኩት። ዋናው ግኝቴ እንዲህ ይላል፦ "ከከተማው መስፋፋት ጋር የሽማግሌዎች ተሰሚነት ጠፍቷል።"

አማካሪዬ ይህንን እስከ ዓርብ ያነቡታል። ሽማግሌዎች ስላዘዟቸው።

እናንተስ የጠፋ አማካሪ በምን አገኛችሁ? ምዕራፍ መልሶ መውሰድ የሚቻልበትን መንገድ የምታውቁም ካላችሁ፣ ዓርብ ሳይደርስ ንገሩኝ።