የዋትልፎርድ ክለብ መልእክተኛ

ዳሪል ፔንጌሊ ፈሪ መሆኑን ያወቀው በአርባ አራት ዓመቱ ነው። እስከዚያ ድረስ ፍርሃት የሌሎች ሰዎች ነገር ይመስለው ነበር። በሥራ ቀን የሰው ቤት ግድግዳ ይለስናል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በተዘረጋ ሳንቃ እግሩን አንጠልጥሎ የሥጋ ፓዩን ሲበላ ያየው ሰው ነው የሚደነግጥለት እንጂ እሱስ ግድም የለው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ደማቅ ሮዝ ካኒቴራ ለብሶ የዋትልፎርድ እግር ኳስ ክለብ መልእክተኛ ይሆናል፤ ኳሷ በእግር ብቻ ሳይሆን በእጅም የምትያዝበት የሜልበርኖች እግር ኳስ ነው። አሰልጣኙ ከላይ ከመስታወቱ ክፍል በስልክ ያዛል፤ ዳሪል ጨዋታው ሳይቆም ሜዳ ውስጥ ይገባና በሠላሳ ስድስት ግዙፍ ሰዎች መሀል እየተሽሎከለከ የታዘዘውን ለታዘዘለት ሰው አድርሶ ይመለሳል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሮጧል። ሁለት ጊዜ የጎን አጥንቱ ተሰብሯል፤ ሁለቱንም ጊዜ መልእክቱን አድርሶ ነው የወደቀው።

በወጣትነቱ ለክለቡ ሁለተኛ ቡድን ሰባት ዓመት ተጫውቷል። ለዋናው ቡድን አንድም ቀን አልተሰለፈም። ጉልበቱ አልሆን ሲለው "ደህና ሁን" ብለው እንደማሰናበት ስልኩን ሰጡት፤ ለዚህች ውለታ ሲል ዕድሜውን ሙሉ ባሪያቸው ሆኖ ኖረ። ክለቡ አዳራሽ ውስጥ የዕድሜ ልክ አባላት ስም በወርቅ ቀለም የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ። በዚያ ዓመት፣ ከገና በፊት፣ የዳሪል ስም ሊጻፍ ነበር። ሚስቱ ጃኒን ለዕለቱ ብላ ሰማያዊ ቀሚስ ገዝታ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅላለች።

በዚያ ዓመት ዋትልፎርድ ካደረጋቸው ሃያ አንድ ጨዋታዎች ያሸነፈው አራቱን ብቻ ነው፤ ያለፈውም ዓመት ከዚህ አይሻልም ነበር። የቀረው አንድ ጨዋታ ነበር። በጊዜው ደንብ፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከአራት ጨዋታ በላይ ማሸነፍ ያቃተው ክለብ በዓመቱ መጨረሻ በሚደረገው የወጣት ተጫዋቾች ምርጫ ከሁሉም ቀድሞ አንድ ልጅ ይወስዳል። ደካማውን ለመደገፍ የወጣ ደንብ ነው ይላሉ። ያወጡት ሰዎች ክለብ የሚባለውን ፍጡር አያውቁትም ማለት ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ ሜልበርን በሙሉ ስሙን የሚያነሳው አንድ ረጅም ልጅ ተገኝቷል፤ ዋትልፎርድ ይህን ጨዋታ ካሸነፈ ልጁ የሌላ ነው።

"ተሸነፉ" ብሎ ያዘዘ ሰው የለም። ብልጠቱም እዚያ ላይ ነው። የክለቡን የእግር ኳስ ክፍል የሚመራው ግራንት ሎማክስ ሰኞ ዕለት ሁሉንም ሰብስቦ፣ "የመጨረሻው ጨዋታ የመማሪያ ነው፤ ተጫዋቾችን ከለመዱት ቦታ እያነሳን እንሞክራቸዋለን" አለ። ከዚያ ክፍሉን አንድ ጊዜ ቃኘና፣ "ያልገባው አለ?" ብሎ ፈገግ አለ። ሁሉም ገባን ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳሪልም ነቀነቀ። 

እሁድ ዝናብ ነበር። ተጫዋች ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሸነፍ ፍጡር አይደለም፤ ቦታውን ቢያምሱበትም ኳስ ካየ ይሮጣል። ሁለት ደቂቃ ሲቀር ዋትልፎርድ በአራት ነጥብ ይመራ ነበር። የባላጋራው ዋና ግብ አግቢ፣ አንድ ቁመታም ሰውዬ፣ ቀኑን ሙሉ አንድም አላገባም። ምክንያቱ የዋትልፎርዱ ተከላካይ ብሬንተን ታኬት ነው። ብሬንተን ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሩጫው የከባድ መኪና ነው፣ ሲመታም አያምርበት፤ ግን አንዴ የያዘውን ሰው አይለቅም። ክለቡ ውስጥ ያቆየውም ይኸው ነው። ውሉ የሚያልቀው በዚያ ወር ነበር።

ስልኩ ጮኸ።

"ዳዝ፣ ታክን ሰውየውን ትተህ ወደ ፊት ሂድ በለው" አለ አሰልጣኙ። ክለቡ ውስጥ ዳሪል ዳዝ፣ ታኬት ደግሞ ታክ ነው የሚባሉት።

"አሁን?"

"አሁን። ምን ያቆምሃል?"

ዳሪል ሮጠ።  ብሬንተን ጋ ሲደርስ የተባለውን ተናገረ።

"ትቀልዳለህ?" አለ ብሬንተን፤ ዐይኑን ከሰውየው ላይ አላነሳም። "ይሄን ማን ሊይዘው ነው?"

"እንደዚያ ነው ያሉት።"

"ዳዝ፣ እየኝ እስቲ። እውነትህን ነው?"

ዳሪል አላየውም። "ሂድ ብለውሃል፣ ሂድ በቃ" አለና ዞሮ ሮጠ።

ብሬንተን ሄደ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷ ከፍ ብላ መጣች፤ ቁመታሙ ሰውዬ ብቻውን ቆሞ በአየር ላይ ጨበጣት። የመጨረሻው ሳይረን ጮኸ፤ የጨበጠ ሰው ግን ምቱ አይቀርበትም፤ ረጋ ብሎ መትቶ በመሀለኞቹ ሁለት ምሰሶዎች መሀል አሳለፋት፤ ይህ ስድስት ነጥብ ነው። ዋትልፎርድ በሁለት ነጥብ ተሸነፈ። "ታኬት፣ ሰውህን የት ጣልከው?" እያለ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ ጮኸበት። አንድ ሽማግሌ ቢራውን ደፋበት። ከመስታወቱ ጀርባ አንድ እጅ የሎማክስን ትከሻ መታ መታ ሲያደርግ ዳሪል አየ፤ ምነው ባላየሁ አለ።

ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ደግ ነበር። አንድ ጋዜጣ ፎቶውን አወጣው፦ ሮዝ ካኒቴራ ከብሬንተን ጆሮ አጠገብ። ቴሌቪዥኑም ምስሉን እየደጋገመ አሳየ፤ ሮዙ ሰው ይመጣል፣ ይናገራል፣ ይሄዳል፣ ብሬንተን ሰውየውን ይለቃል። ድምፅ የለውም። ምን እንደተባለ በሜዳው ላይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። የሊጉ ጽሕፈት ቤት ሆን ብለው ተሸንፈው እንደሆነ የሚያጣሩ መርማሪዎች መደበ።

ከዚያ በኋላ ዳሪል ከሳ። ስልኩ ሲጮህ ግድግዳ የሚለስንበትን መለሰኛ እንደያዘ ሳያነሳው እስኪያባራ ይቆማል። ከፍታ የማይፈራው ሰውዬ ሳንቃው ላይ የሚሠራውን ሥራ ለሌላ ይተው ጀመር። እህል አስጠላው። ብሬንተን እውነቱን ከተናገረ ክለቡ ይቀጣል፣ ሎማክስ ደግሞ መልእክተኛው ተሳስቶ ነው ማለቱ አይቀርም፤ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለው ዳሪል ከሰሌዳውም ከበሩም ውጭ ነው።

"ሰው ገድለህ እንደሆነ ንገረኝ" አለችው ጃኒን አንድ ቀን፣ ያልነካውን ሳህን እያነሳች። "ቢያንስ አብረን እንፍራ።"

"ደክሞኝ ነው።"

"ድካም እንዲህ ላብ በላብ አያደርግም፣ ዳሪል።"

ሎማክስ አስጠርቶ የሚለውን አስጠናው። "ያልከው 'ሰውህን ጠብቅ' ነው። ታክም እንደዚያው ይላል። ክለቡ ይቀድማል፣ አይደል ዳዝ?" ይህች "ክለቡ ይቀድማል" መልበሻ ክፍሉ ግድግዳ ላይም ተጽፋለች፤ ሁልጊዜ የምትነበበው ደግሞ ከኋላ ለሚቀረው ሰው ነው። ዳሪል እሺ አለ። ግን ታክ እንደዚያ ይላል ብሎ አላመነም። ሰውን በመያዝ ብቻ የሚታወቅ ሰው፣ ራሴ ለቀቅኩት ብሎ ስሙን እንዴት በገዛ አፉ ያጠፋል?

የምርመራው ቀን ሐሙስ ሆነ፤ ክለቦች ተጫዋች የሚለዋወጡበት ሳምንት ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው። ጠዋት ዳሪል የክለቡን ክራቫት ለመዋስ መልበሻ ክፍሉ ሲገባ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ ሽማግሌው ኖኤል፣ ተንበርክኮ ከአንድ ቁም ሳጥን ላይ የቁጥር ሰሌዳ ይፈታ ነበር። ሠላሳ አንድ። የብሬንተን ቁጥር።

"ምን ሆነ?" አለ ዳሪል።

"ሎማክስ ነው ያዘዘኝ። የሚመጣው ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ሠላሳ አንድ ነው የሚለብሰው አሉ። ቃል ገብተውለታል።"

"ታክስ ያውቃል?"

"ሰኞ ይነግሩታል። የመርማሪዎቹ መዝገብ እስኪዘጋ ከክለቡ እንዲወጣ አይፈልጉም፤ ሌላ ክለብ የገባ ሰው አፉ ይፈታል።" ኖኤል ብሎኑን ኪሱ ከተተ። "አንተ አላየህም፣ እኔም አልነገርኩህም። ጡረታዬ ስድስት ወር ነው የቀረው፣ ዳዝ፤ አደራህን።"

መርማሪዋ ሽበታም ሴትዮ ነበረች። ምስሉን አሳየችውና አቆመችው፤ ሮዝ ካኒቴራው ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ።

"አቶ ፔንጌሊ፣ እዚህ ጋ ምን አሉት?"

 ብሬንተን ከአንድ ሰዓት በፊት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ያለው ነገር እዚያ ወረቀት ላይ አለ፤ ወረቀቱ ደግሞ ተገልብጧል።

"'ሰውህን ጠብቅ' አልኩት" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

ሴትዮዋ ወረቀቱን ገልብጣ አነበበች። 

"አቶ ታኬትም ይህንኑ ነው ያሉት" አለች በመጨረሻ፤ የጠበቀችው መልስ አለመሆኑ ፊቷ ላይ ይታያል። "ጥፋቱ የራሴ ነው ብለዋል። እርስዎን ደግሞ አመስግነዋል፤ የሚታመን ሰው ነው ብለው።"

ዳሪል ደረጃውን ሲወርድ ደስ አለው። ይህን መደበቅ አይቻልም፣ ደስ ብሎት ነበር።

ብሬንተን መኪና ማቆሚያው ጋ ፒክአፑን ተደግፎ እየጠበቀው ነበር።

"አለቀ?"

"አለቀ።"

"እፎይ። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።" ብሬንተን ሳቀ። "ምን ይደረግ፣ ለሁለት ዓመት ውል ሲባል ሞኝ መባልም ይቻላል። ሎማክስ ቃል ገብቶልኛል፣ ሰኞ እፈርማለሁ።"

ዳሪል ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ፈለገ። ቁልፉ እጁ ላይ ነበር።

"ፐርዝ ያለ ክለብ ደግሞ ፈልጎኛል" አለ ብሬንተን። "አንድ ዓመት ይሰጡኛል። እስከ ነገ ስምንት ሰዓት መልስ ስጠን ብለዋል፣ ከዚያ የልውውጡ በር ይዘጋል። ሎማክስን ልመን ወይስ ልሂድ እያልኩ ነው። አንተ እዚያ ቤት የማትሰማው የለም። የሰማኸው ነገር አለ እንዴ?"

ዳሪል መናገር ፈለገ። ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ቃል ነው፣ "ፐርዝ ሂድ"። ግን ብሬንተን ፐርዝ ከሄደ ማን ነገረህ ይሉታል፤ የማይዋሽ ሰው ነው፣ ወይም ለክለቡ ብቻ ነው የሚዋሸው፤ ከዚያ መዝገቡ እንደገና ይከፈታል፣ ሽበታሟ ሴትዮ እንደገና ወረቀት ትገለብጣለች። 

"ኧረ ምንም አልሰማሁም" አለ።

"በቃ እንግዲህ።" ብሬንተን ትከሻውን መታ አድርጎት መኪናው ውስጥ ገባ።

ሰኞ ዕለት ሰባት ደቂቃ በማይሞላ ስብሰባ ብሬንተንን አሰናበቱት። ሌላ ክለብ የሚፈልገው ጠፋ፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ ሰውየውን ራሴ ለቀቅኩት ብሎ የፈረመን ተከላካይ ማን ይወስዳል? ብሬንተን ሰሜን ወዳለችው የትውልድ ከተማው፣ ስንዴ ወደሚታረስባት ኩንዳራ ተመለሰ። መርማሪዎቹ አርብ ዕለት ማስረጃ አላገኘንም ብለው መዝገቡን ዘግተው ነበር። ረጅሙ ልጅ መጣ፣ ሠላሳ አንድን ለበሰ። ጃኒን ሰማያዊውን ቀሚስ ለበሰች፣ የዳሪል ስም በወርቅ ተጻፈ፣ ሎማክስ ንግግር አደረገና ሁሉም አጨበጨበ። ዳሪል ፍርሃቱ ያን ዕለት የሚለቀው መስሎት ነበር። አለቀቀውም።

የካቲት ላይ፣ በዚያ የበጋ ቃጠሎ፣ ሥራ ላይ እያለ ስልኩ ጮኸ። ብሬንተን ነው።

"ዳዝ፣ እንደምን አለህ? የኩንዳራን ቡድን እያሠለጠንኩ ነው፣ ብታየን ትስቃለህ፣ ግማሹ ገበሬ ግማሹ ሰካራም ነው። መልእክተኛ የለኝም። ሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ብትመጣልኝ? እዚያ ቤት ካንተ በቀር ያልዋሸኝ የለም። አንተን የመሰለ ሰው ነው የምፈልገው።"

ዳሪል መለሰኛውን አስቀመጠ። መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ከፎቅ ቁልቁል የሚያይ መሰለው። ሥራ በዝቶብኛል ብሎ መዝጋት ይችል ነበር። ይህን ሰው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊት ለፊት ማየትም፣ ሳያዩት መኖርም እኩል አስፈራው።

"አውቄ ነበር፣ ታክ" አለ።

"ምኑን?"

"ቁጥርህ መነሳቱን። ያን ሐሙስ፣ ስትጠይቀኝ። ጠዋት ሲፈታ አይቼዋለሁ።"

ከወዲያ ውሻ ይጮሃል፤ የሆነ ሰው ኳስ ከቆርቆሮ ጋር ያጋጫል። ዳሪል ስድቡን ጠበቀ። ቢሰድበው በወደደ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ፈራሁ።"

"ማንን?"

ዳሪል ሎማክስን ሊል ነበር፤ ሰሌዳውን ሊል ነበር። "እኔ እንጃ" አለ።

ብሬንተን ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

"ሮዋና ያን ማታ ሻንጣዎቹን አውርዳ ነበር እኮ" አለ። "ሚስቴን ታውቃታለህ፣ ሰው ቶሎ አታምንም። 'ፐርዝ እንሂድ፣ እነዚህ ሰዎች ይከዱሃል' ብላ ለመነችኝ። ግድ የለሽም፣ ዳዝን ጠይቄዋለሁ አልኳት።"