የግራ እጅ ፈትል

ከቤቴ የወጣሁ ዕለት ጠዋት የበግ ጠጉር እየፈተልኩ ነበር። መኪናው ቀየት፣ ደጄ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ፣ እኔ እንዝርቴን ይዤ ቁጭ። ጎረቤቴ አስካለ መጥታ፣ "አንቺ ግራኝ፣ ሮማም ሄደሽ በግራ ልትፈትዪ ነው?" አለችኝ። በግራ እጄ ስለምፈትል ክሬ ከሰው ሁሉ ክር በተቃራኒ ነው የሚከረው፤ ሸማኔው እንኳ ገና ሲነካው የኔን ይለየዋል። ሳቅን። ከዚያ የሙክቴን ገመድ አስያዝኳት። "ጌታነህ የደወለ ቀን እረጂውና ጎረቤቱን ጥሪበት" አልኳት።

ጌታነህ የመጨረሻ ልጄ ነው። የአባቱን የእጅ ሰዓት አስሮ በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገባ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ታላቅ እህቱ፣ እናትሽ ማለት፣ ከጣልያን "እማዬ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ፣ ነይ" ስትለኝ እሺ ያልኩት ለኑሮ አይደለም። እሱ የሄደው ወደዚያ ነው፣ እኔም ወደዚያው ልጠጋ ብዬ ነው። ለሷ አልነገርኳትም። አንቺ የልጅ ልጄ ግን ጻፊው፣ ያገሬ ሰዎች ይስሙት።

ብርዱ እንኳ የኛ አይደለም በያቸው። ያገራችን የመንዝ ጓሳ ብርድ ፊት ለፊት መጥቶ በጥፊ ይመታሻል፣ እሳት ስትሞቂ ይለቅሻል። የዚህኛው ከግድግዳው ወጥቶ አጥንት ውስጥ ይተኛል። ከበግ ጠጉር የተሠራ መደረቢያዬን፣ ባናዬን፣ በረንዳ ላይ ባሰጣው ቤቱን ያከራየችን ሲኞራ መጣች። "በግ በግ ይሸታል" አለች። "የበግ ነዋ፣ የምን ሊሸት ነበር በያት" አልኩሽ። "ሕንፃው ውስጥ በግ ማርባት አይፈቀድም ትላለች" አልሽኝ። ባናዬን በፌስታል ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩት። እኔም አብሬው የተከተትኩ መሰለኝ።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ጎልማሳ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ "የመንዝ ሰው አለ?" እያለ መጣ። በባሕሩ የተሻገረ ነው። ሊቢያ ላይ "መንዜው" የሚሉት ሰው አብሯቸው ነበር አለ። በሁለት ጀልባ ሲከፋፈሉ መንዜው የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ለዚህ ጎልማሳ ሰጠውና "ያገሬን ሰው ካገኘህ ስጥልኝ" አለው። የመንዜው ጀልባ አልደረሰችም።

እናትሽ ሰዓቱን አይታ እዬዬ አለች። እኔ ግን፣ "መንዜ አንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ? እንዲህ ያለው ሰዓት የስንቱ ሽማግሌ እጅ ላይ ነበር" አልኳት። አንድ ነገር አውቃለሁ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ "ኦርጅናል ነው፣ ከፋብሪካ ከወጣ የሰው እጅ አልነካውም" እያለ ይምል ነበር። እንግዲያ ይኸኛው የተነካካ ከሆነ፣ የሱ አይደለም። ልጄም አልሞተም።

ሰዓት ሠሪው ዘንድ ወሰድሽኝ። ዓይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ ክዳኑን ከፈተው። ፊቱ የራሱ ነው፣ ቆጣሪዎቹም የራሱ ናቸው ሲል ማተቤን ጨበጥኩ። ከዚያ "ኖ፣ ኖ" አለ። አንዱ ብሎን የሌላ ሰዓት ነው፣ አንዷም ባለ ጥርስ ማርሽ የሌላ ናት። "ኖን ኤ ኦሪጂናሌ።"

"ኦርጅናል አይደለም ይላል፣ እምዬ" አልሽኝ።

ተመስገን አልኩ። የሰውየውን እጅ ልስም ስነሣ ጎትተሽ አስቀመጥሽኝ።

እሱ ግን አልጨረሰም። በወረንጦ ከውስጥ አንድ ነገር ሳበ። የሰዓቱ ሆድ ዕቃ እንዳይንኳኳ ዙሪያውን የተጠመጠመ ጥቁር ክር ነው። "ይኸ ደግሞ የሰዓት ዕቃ አይደለም" ብሎ ሳቀ። ስጠኝ አልኩት። በሁለት ጣቴ አሸት አሸት አደረግኩት። የበግ ጠጉር ነው። ወደ ግራ ነው የከረረው።

ለካ ባሌ ሲዋሸኝ ኖሯል። ከእንዝርቴ ላይ ክር በጥሶ፣ ዘመሮ ገበያ ወስዶ አሠርቶት፣ ቤት ሲገባ የሰው እጅ አልነካውም ብሎ ምሎልኛል።

ሰዓት ሠሪው ትክክለኛውን ዕቃ ላስመጣለት፣ ክሩንም ልጣለው አለ። "እንደነበረ አድርጎ ይመልሰው በይው" አልኩሽ። "ለምን?" ብትይኝ ክሩን መልሼ ለሰውየው አቀበልኩት። ያን ቀን ያልነገርኩሽ ይኸን ነው፤ ክሩ የኔ ፈትል ነው።

ማግስቱን ለአስካለ ደወልኩላት። ስለ ክሩ ነገርኳት። "ሙክቱን ለጌታነህ ተዝካር አድርጊው" አልኳት።

"ሙክቱ ጥርሱ ረግፏል እቴ፣ ገብስ ሸርክቼ ነው የማበላው" አለችኝ። "ግን ስትሰጪኝ ለደስታ ብለሽ ነው። ለተዝካር ከሆነ እኔ ገመዱን አልፈታም። መጥተሽ ራስሽ ፍቺው።"