ፀሐይ ላይ የተሰጣው ባትሪ

ባለ ባትሪ ድሪል ይሻላል ወይስ ባለ ገመድ? ዕቃ መሸጫ ደጃፍ የቆመ ሁሉ ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም። እኔም ጠይቄ ነበር... መልሱ የመጣልኝ ግን ባለፈው ሐሙስ፣ ወረታ አጠገብ ባለችው ቁሐር ሚካኤል፣ በግማሽ የተከደነ ጣራ ላይ ተቀምጬ ነው።

በኮንስትራክሽን ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ወረታ ላይ መብራት ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል። ስለዚህ ባለ ባትሪ ድሪል ገዛሁ፤ ከነመለዋወጫው ሁለት ባትሪ ያለው። ጓደኛዬ ሱቁ ጣራ ላይ ሶላር ስላለው እዚያ ቻርጅ አደርጋለሁ።

የሰፈራችን አናጢ ጋሽ ኑሩ ባጃጅ ተራው ላይ ድሪሉን አይተው ሳቁ።

«ይችማ መጫወቻ ናት። ሥራ ገመድ ይፈልጋል ልጄ።»

«ጋሽ ኑሩ፣ በገመድ የሚታሰረውስ በሬ ነው!» አልኋቸው። ተራው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ሄድሁ።

ብዙም ሳይቆይ አያ ታከለ የሚባሉ የቁሐር ገበሬ የሣር ክዳናቸውን አንስቼ ቆርቆሮ እንዳለብስላቸው ተስማሙ። በራሴ ስም የያዝሁት የመጀመሪያ ሥራ! ሦስት ጎረቤቶቻቸውም «እስኪ የታከለን ጣራ እንይና...» ብለው እየጠበቁኝ ነው። «ሚስማር ይቅር፣ ነፋስ የማይነቅለው ቪስ ይግዙ፤ በድሪል አጠብቀዋለሁ» ብዬ የመከርኋቸውም እኔው ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤት ተሰብስቦ ሣሩን አወረደው። ቤቱ ውስጥ ለዘንድሮ የሚዘሩት የሩዝ ዘር በጆንያ ተደርድሯል። ግንቦት ነው፤ ማምሻውን ዝናብ አይቀርም። ከዚያ በፊት መክደን አለብኝ።

አያ ታከለ መሰላሉ ሥር ቆመው ድሪሉን አንጋጠው ያያሉ።

«ገመድም የለው... ጉልበቱን ከየት ያገኛል ልጄ?»

ችኮላ ነበረብኝ። ትንሽም ኩራት። አሁን ማን ስለ ሶላር ያስረዳል ብዬ...

«ከፀሐይ ነው አያ ታከለ። ፀሐይ ነው የሚያጠግበው» አልሁና ሥራዬን ቀጠልሁ።

«አይ ትምህርት!» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

እስከ ቀትር በረርሁ። ግማሹ ጣራ ተከደነ። አንደኛው ባትሪ ሲደክም ሁለተኛውን ላወጣ ወርጄ ቦርሳዬን ከፈትሁ... የለም።

«አያ ታከለ፣ እዚህ የነበረች ባትሪ?»

ፊታቸው በራ። «አለች እንጂ! ጠዋት ነው ያሰጣሁልህ። እስካሁን ጠግባለች!»

ገና ጣራ ላይ ያልወጡት ቆርቆሮዎች ክምር ላይ ተኝታለች። ሁለቱም ጎኗ እንዲደርሰው እያገላበጡ ነው ያሰጧት። እንደ ሬዲዮ ድንጋይ! የደከመ የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲውል ትንሽ ነፍስ እንደሚዘራ እኔም ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ይችኛዋ ግን ሌላ ናት...

ሳነሳት እጄን ፈጀችኝ። ጥላ ውስጥ አቆይቼ ማቀዝቀዝ ነበረብኝ። ደመናው ግን ከጣና በኩል እየጠቆረ ነው። ከነትኩሳቷ ሰካኋት። ሁለት ቪስ አጠበቀች... ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች... በቃ። ሳወጣት ሆዷ አብጧል።

«ምን ሁኖ ነው? ራበው?» አለ አንዱ ጎረቤት ከታች። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ቪስ በመዶሻ አይመታ ነገር! ሌላው ጎረቤት ስልኩን አወጣና ወረታ ደወለ። ለማን እንደሚደውል ሳይነግረኝ ገባኝ።

ጋሽ ኑሩ ጄኔሬተራቸውን ባጃጅ ላይ ጭነው መጡ። ዛሬ ይወርዱብኛል አልሁ በልቤ። እሳቸው ግን ጣራውን አዩ፣ ደመናውን አዩ፣ ከዚያ የድሪላቸውን ገመድ ጫፍ አቀበሉኝ።

«ያዝልኝ ልጄ። ጭቃ እንዳይነካት።»

በቃ፣ ይችኑ ብቻ። እሳቸው ጣራው ላይ ሲሠሩ እኔ በረቱ ደጃፍ ጭቃው ውስጥ ቆሜ፣ ገመዱን ከፍ አድርጌ እንደያዝሁ ዋልሁ። ያ የበሬ ቀልዴ ትዝ አለኝ። እሳቸውም ትዝ ሳይላቸው አይቀርም... ግን አላነሱትም።

አራት ቆርቆሮ ሲቀር ዝናቡ ወረደ። ላስቲክ ብናለብሰውም ሁለት ጆንያ ዘር ራሰ።

ሁሉም ሲያልቅ አያ ታከለ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው እኔን አለበሱኝ።

«ይቅር በለኝ ልጄ። ያልተማረ እጅ ነው፣ ዕቃህን አበላሸሁብህ።»

«ምንም አይደል አያ ታከለ» አልሁ።

ምንም አይደል! ፀሐይ ነው የሚያጠግበው ያልሁ እኔ አይደለሁም? ሰውየው የተማረ ሰው የነገራቸውን አንዲት ሳያጎድሉ ነው የፈጸሙት። ዘራቸው የራሰባቸውም እሳቸው፣ ይቅርታ የጠየቁም እሳቸው። እኔ ጋቢያቸውን ለብሼ «ምንም አይደል» እላለሁ።

ሦስቱ ጎረቤቶች ማምሻውን የጋሽ ኑሩን ስልክ ቁጥር ሲቀበሉ አየሁ። አልፈርድባቸውም። የማያስተኛኝ እሱ አይደለም።

የአያ ታከለ ስልክ ለመደወል ብቻ የምትሆን ናት፤ ይህን አያነቡትም። እውነቱን ልናገር... እዚህ ለመጻፍ የደፈርሁት ያንን ስለማውቅ ነው።

እሑድ ጋቢውን ልመልስ ወደ ቁሐር እወርዳለሁ። ደጃቸው ስደርስ መጀመሪያ ምን ልበላቸው? እስኪ የምታውቁ ጻፉልኝ።