የዝውውሩ ጋቢ

ሃምሳ ዓመት የሞላኝ አሰብ ነው። ይህን ስናገር የማያምነኝ ብዙ ነበር፤ የሚያምነኝም ያዘነልኝ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አይመስልሽም እኮ!" ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ አመሰግን ነበር። በኋላ ነገሩ ምርቃት ይሁን ስድብ መለየት ስላቃተኝ፣ "ታዲያ ምን ልምሰል?" ማለት ጀመርኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከደሴ ተመድቤ የወረድኩት ለሁለት ዓመት ተብዬ ነበር፤ ሁለቱ ዓመት ዐሥራ አንድ ሆነ። በመሥሪያ ቤታችን ያለሁት የአማርኛ ታይፒስት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን የጽሕፈት መኪናው ብረት ጣት ይፈጃል፤ ወረቀቱ በላብ ከክንድ ጋር ይጣበቃል። ከደጋ የመጣው ሠራተኛ ሁሉ "በረሃ ዕድሜ ይበላል" እያለ ገና በሠላሳ አምስት ዓመቱ ራሱን ይጥላል። እኔ ግን ሳልኳል ከቤቴ ወጥቼ አላውቅም ነበር።

"እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው" የሚሉኝ ያናድዱኝ ነበር። እግዜር ይመስገን፤ ግን እሱ ብቻውን አልሠራውም። ጎረቤቴ ዒድ ከምትባለው የባሕር ዳር መንደር የመጣች አፋር ናት፤ ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነው። ዓርብ ዓርብ ጠጉሬን ሂና ትቀባኛለች፣ በሰሊጥ ዘይት ፊቴን ታሸኛለች፤ ስሰንፍ ደግሞ ትቆጣኛለች። "ወላሂ፣ ጀልባና ፊት አንድ ነው፤ ካልቀባሽው ጨው ይበላዋል" ትለኛለች። አሰብ ውስጥ ከተሰጠኝ የፖለቲካ ትምህርት ሁሉ ገብቶኝ የቀረው ይኼ ነው።

አንዴ በቀበሌው የሴቶች ስብሰባ ላይ ሰብሳቢዋ፣ "አንዳንድ ጓዶች በዕድሜያቸው የማይገባ ጌጥ ያበዛሉ" ብላ ሂስ አቀረበች። ስሜን አልጠራችም፤ ስልሳ ሴት ግን ዞሮ ከንፈሬን አየ። እጄን አወጣሁና፣ "ጌጥ ስንት ዓመት ላይ እንደሚቆም ይወሰንና በቃለ ጉባኤ ይያዝልን" አልኩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ከንፈሬ በስብሰባ አልተነሣም፤ በሐሜት ብቻ ቀጠለ።

እንዲህ ስል ሰው ሁሉ እንደ ልቤ የኖርኩ ይመስለዋል። አልነበረም። እናቴ ደሴ ብቻዋን ናት። ደብዳቤ የሚጽፍላት የጎረቤት መምህር፣ ቃሏን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚያሰፍር ሰው ነው። ሃምሳ በሞላኝ ዓመት የላከችው ደብዳቤ አጭር ነበር፦ "ዓይኔ ከድቶኛል። ምግቡንም ውኃውንም ጎረቤት አይነፍገኝም። ለሰው የማላዘው ነገር ግን አለኝ፤ አንቺ ነይልኝ።" ለሰው የማይታዘዘው ምን እንደሆነ አልጻፈችም። ገላዋን ማጠብ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

በመሥሪያ ቤታችን ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ወደ ደጋ ልዛወር ብሎ ማመልከት ይችላል። ችግሩ ፋይል ላይ ያለ ዕድሜ አይታመንም፤ ያብዛኛው ሰው ዕድሜ በአጎት ምስክርነት የተጻፈ ነው። ስለዚህ የዝውውር ኮሚቴው አመልካቹን በአካል አይቶ ነው የሚወስነው። እኔ ሁለት ጊዜ አመለከትኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ "ገና ጠንካራ ናት" ተብዬ ተመለስኩ።

ሦስተኛው ቀጠሮ ሲደርስ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አንድ ጥቅል ይዛልኝ መጣች። ስትፈታው ጋቢ ነው።

"እትዬ፣ ይኼ እድለኛ ነው" አለችኝ። "ጥበቃው የነበሩት አባባ ይኼን ለብሰው ቀርበው ጎንደር ገቡ። ከሳቸው የተቀበለው ሹፌር ደብረ ብርሃን ገባ። አንቺም ልበሽው። ኩሉን ተዪው፣ ጥቁር ሻሽ እሰሪ፣ ትንሽ አጎንብሺ። ምን አለበት?"

ጋቢው ነጭነቱን ከረሳ ቆይቷል፤ ጠርዙ ላይ ሲጋራ ያቃጠለው ቀዳዳ አለ። አሰብ ላይ ጋቢ የሚለብስ ወይ ወባ የያዘው ነው፣ ወይ ዝውውር የጠየቀ። ሳቅኩ። ከዚያ የእናቴ ደብዳቤ ትዝ አለኝና ተቀበልኳት።

ሳምንት ሙሉ ዘይት አልነካሁም፤ ያለ ጥላ በፀሐይ ሄድኩ። ጎረቤቴ አይታኝ፣ "ማን ሞተብሽ?" ብላ ደነገጠች። ነገሩን ስነግራት ምራቋን እንትፍ ብላ ቤቷ ገባች። በቀጠሮው ጠዋት ኩል ሳልኳል፣ ሻሽ አስሬ፣ በዚያ ቃጠሎ ጋቢ ተከናንቤ ወጣሁ። ላቡ ከጀርባዬ ወርዶ ጫማዬ ውስጥ ገባ። አሰብ ሰጊር በሚባለው ሰፈር ያለው የመናዊ ባለሱቅ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ "ሰባሐል ኸይር፣ ያ አሩሳ!" ብሎ ሙሽራዬ እያለ ሲስቅልኝ የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ከመቀመጫው ብድግ አለና፣ "ያ ሐጃ፣ ተፈደሊ፣ አረፍ በዪ" ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ሐጃ አሮጊት ሲያከብሩ የሚሉት ነው። አላወቀኝም። መንገድ ላይ ቆሜ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ግን ተራዬ ደርሷልና አለፍኩ።

ኮሚቴው አራት ሰው ነው። ሊቀመንበሩ ከቬንትሌተሩ ሥር ተቀምጦ፣ "ይግቡ እማማ፣ ይቀመጡ" አለኝ።

እማማ! እሱ ከኔ በሁለት ዓመት ያንሳል። ራሱ ተመልጧል፣ ሆዱ ከጠረጴዛው ቀድሞ ይደርሳል፤ "አይመስልህም" ብሎ የሚያስጨንቀው ግን የለም።

ፋይሌን ገለጠ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ዓይኑ ጋቢው ጠርዝ ላይ ቆመ። ጣቱን ቀስሮ ቀዳዳውን አሳየ።

"ቆይ ቆይ። ይኼን ጋቢ እኮ ሁለት ጊዜ አዛውረነዋል! ጎንደር ልከነው፣ ደብረ ብርሃን ልከነው፣ አሁንም ተመልሶ መጣ?"

ሁሉም ሳቁ። አንደኛዋ የኮሚቴ አባል ዕንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት እኔ ነኝ። ፊቴ ጋለ፤ ከበረሃው ሙቀት የተለየ ሙቀት ነው። በመጀመሪያ በራሴ፣ ቀጥሎ በነሱ ተናደድኩ።

ጋቢውን አወለቅኩ። አጣጥፌ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። ሻሹን ፈታሁ፤ ሂና የተቀባው ጠጉሬ ወረደ። ከቦርሳዬ ትንሿን መስታወት አወጣሁና እዚያው እፊታቸው ከንፈሬን ቀለም ቀባሁ። መስመሩን አልሳትኩም። ሳቁ ቆመ።

"ጓድ ሊቀመንበር" አልኩ፣ "ሃምሳ ዓመቴ ነው። እርስዎ አርባ ስምንትዎ ነው፤ ፋይልዎን የተየብኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ እማማ አይበሉኝ። ደክሞኛል። ደክሞኝም እታጠባለሁ፣ እቀባለሁ፣ እኳላለሁ። ሃምሳ ዓመት እንዲህም ይመስላል። እናቴ ዓይኗ ጠፍቶ ትጠብቀኛለች፤ እናት እንዳለችኝ እንድታምኑ የግድ ፊቴ መበላሸት አለበት?"

ዘመኑ ለሊቀመንበር እንዲህ የሚነገርበት አልነበረም። በትንሽ ቃል ሰው የሚጠፋበት ጊዜ ነው። ሊቀመንበሩ ብዕሩን ከፍቶ ዘጋው፣ መልሶ ከፈተው።

"በቃ፤ ውሳኔው በጽሑፍ ይደርስሻል። ሂጂ" አለኝ።

በአንድ ጊዜ ከእርስዎ ወደ አንቺ አወረደኝ። እኔ ደግሞ ከእማማነት ወጣሁ ብዬ ቆጠርኩት።

ድፍረቴ ግን ቤቴ በር ድረስ ነው ያደረሰኝ። ገብቼ አልጋዬ ላይ ተደፋሁና አለቀስኩ። እናቴን በከንፈር ቀለም ሸጥኳት አልኩ። ትንሽ አጎንብሼ፣ "እሺ ጌታዬ" ብዬ ብወጣ ምን ይቀርብኝ ነበር? ጎረቤቴ ድምፄን ሰምታ የዘይት ብልቃጧን ይዛ መጣች። አላባበለችኝም። "አልቅሰሽ ስትጨርሺ ፊትሽን ስጪኝ፤ ሳምንት ሙሉ አስበላሽው" ብቻ ነው ያለችኝ። ሰጠኋት።

በዘጠነኛው ቀን የሚተየቡ ረቂቆች ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልለው መጡ። ሌላ የአማርኛ ታይፒስት ስለሌለ የራሴም ውሳኔ ከመሐላቸው ነበር። በሊቀመንበሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "ባልደረባችን ዕድሜያቸው ሃምሳ መሆኑ በፋይላቸው የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ምንም እንኳ ባይመስሉም፣ ተተኪ እንደተገኘ ወደ ደሴ እንዲዛወሩ ተወስኗል።" ከዚህ ውስጥ "ምንም እንኳ ባይመስሉም" የሚለው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ሦስት ወረቀት በካርቦን አነባብሬ መተየብ ጀመርኩ፤ የተሰረዘውንም ሳልዘል ተየብኩት። ወስጄ ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት። እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ፈረመ።

ከኮሚቴው ጠረጴዛ መልሼ ያነሣሁትን ጋቢ አጥቤ ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መለስኩላትና ቀጣዩ ሰው እንዳይዋረድ ቀዳዳውን እንድትጥፈው ነገርኳት። ጎረቤቴ ትልቅ ብልቃጥ ዘይት፣ ሂና፣ ደግሞም አንድ የኩል ብልቃጥ ከነመኳያው ሰጠችኝ። ተተኪዬ ከመጣች በኋላ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ ደሴ ገባሁ።

እናቴ በር ላይ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። በእጇ ፊቴን ዳበሰች፣ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን። "ከስተሻል" አለችኝ፤ ይኼን የማትል እናት የለችም። ከዚያ ቤት ገብተን ጎረቤቶቹ ሰላም ብለውኝ እስኪወጡ ጠበቀች። በሩ ሲዘጋ ጆሮዬ ድረስ ተጠጋች።

"ኩል አምጥተሻል?"

"አምጥቻለሁ፣ እማዬ።"

"ዓይኔ ከጠፋ ጀምሮ በእጄ መኳል አቃተኝ፤ ጉንጬ ላይ እየዘረጋሁት ሳቁብኝ። ለሚስቁብኝ ደግሞ ኳሉኝ ብዬ አላዝም። ለማያይ ዓይን ኩል ምን ያደርጋል ይላሉ።" ነጠላዋን አስተካከለች። "እኔ ባላያቸው እነሱ ያዩኝ የለም እንዴ?"

ሰባ አምስት ዓመቷ ነበር። ብልቃጡን ከፈትኩ፣ መኳያውን ነከርኩ።

"ቀና በዪ" አልኳት።

ቀና አለች።