ይሁዳን የፈለግንበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። «እማዬ፣ የመጀመሪያ ሥራሽ ምን ነበር?» ጽዳት እንድላት ጠብቃ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታለች። «ቤተ ክርስቲያን ማስጎብኘት» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ አላመነችኝም። እኔም ያኔ ማመን አቅቶኝ ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ከእናቴ ጋር አመሩድ በሚባል የከተማ ዳር ሰፈር እንኖራለን፤ ኖርዌይ ከገባን ገና ሦስተኛ ዓመታችን። መሐል ከተማ ያለው ካቴድራል፣ ዶምሺርከን፣ ታድሶ ከተከፈተ ብዙም አልቆየም፤ ለበጋው ወጣት አስጎብኚዎች ይፈልግ ነበር። አመለከትኩ። ኃላፊዋ ኢንግሪድ፣ «ሐሙስ ነይና ለአንድ ቡድን ስለ መሠዊያው ተናገሪ። ከዚያ እንወስናለን» አለችኝ። እስከ ሐሙስ ባቡር ውስጥ፣ ደረጃ ላይ፣ ሻወር ውስጥ ሳይቀር በኖርዌይኛ ብቻዬን ሳወራ ሰነበትኩ።

ቀኑ ሲደርስ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ «ብቻዋንማ አትሄድም» ብለው ተነሱ። ጠዋት ቢሮ ያጸዳሉ፤ ከሰዓት ነፃ ናቸው። የለየላቸው ኦርቶዶክስ ስለሆኑ፣ እኔን ጴንጤዋን እያዩ፣ «ለአንቺ ስል ነው እንጂ የእናንተ አዳራሽ ምን አገባኝ» አሉ። እውነቱን ልናገር፣ አብረውኝ መምጣታቸው አሳፍሮኛል። ነጠላቸው፣ ድምፃቸው። «እትዬ፣ እባክዎ ከኋላ ይቀመጡ። እንዳይናገሩ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» አሉ።

ሰኔ ነው፤ እዚያ ሙሉ በጋ። ከዚያ ሁሉ ፀሐይ ወደ ውስጥ ስንገባ ለጊዜው ምንም አይታይም። ከዚያ ወርቁ ቀስ እያለ ብቅ ይላል። መሠዊያው ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው የእንጨት ቅርጽ ነው፤ ከታች የመጨረሻው እራት፣ ከሱ በላይ ስቅለቱ፣ ዙሪያውን ደግሞ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ወፍራም ቅጠል።

ሃያ የሚሆኑ ጡረተኞች ፊቴ ቆሙ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። ሁለተኛው ጠፋ። ኢንግሪድ ከዳር ሆና ታየኛለች።

«ሊዲያ! ይሁዳ የቱ ነው?»

እትዬ አስካለ ናቸው። በአማርኛ፣ ያውም ጣሪያው በሚያስተጋባው ድምፅ።

«እትዬ፣ ዝም ይበሉ!»

«ምን ዝም እላለሁ!» ሰዉን ከፍለው ወደፊት መጡ። «ሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። እኛ ጋ ይሁዳ በጎን ነው የሚሳለው፣ በአንድ ዓይን። ታዲያ ከነዚህ በምን ይለያል?»

አንድ ረጅም ሽማግሌ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ሳላስበው ተረጎምኩላቸው። ቡድኑ በሙሉ ወደ ማዕዱ ተጠጋ። «እኔም አላውቅም፤ አብረን እንፈልገው» አልኩ። አንዷ ይሄ ነው አለች፣ ሌላው ያ ነው አለ፣ ሁሉም የየራሱን ይሁዳ መረጠ። ሳቅ ሆነ። እትዬ አስካለ ደግሞ ቅጠሉን እያሳዩ፣ «ይሄማ ሐረግ ነው! አባቴ ብራና ላይ የሚስለው!» አሉ። ስለ ሐረግ፣ ስለ ብራና፣ ስለ አባታቸው ቀለም ተረጎምኩ፤ ከዚያ ወደ መሠዊያው ጠራቢ፣ ከሱ ወደ ስቅለቱ ተሻገርኩ። ኖርዌይኛው እንደ ቦይ ውኃ ወረደልኝ። ልቤ ሊዘል ደረሰ።

ኢንግሪድ እጄን ጨበጠችኝ። «ሰኞ ጀምሪ» አለች። ቀጥላም፣ «እሳቸውስ ሰኞ ይመቻቸዋል?»

ውጭ አደባባዩ ላይ እንጆሪ ገዝተን ቆመን በላን፤ ጣታችን ቀላ። እኔ እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁ። እትዬ አስካለ ግን ገና ከይሁዳ አልወጡም። «ቤቱስ ያምራል፤ ግን ሰው ከማን እንደሚጠነቀቅ በምን ያውቃል?»

ሁለት በጋ እዚያ ሠራሁ። ዛሬ ነርስ ነኝ። እትዬ አስካለ ትሮስተሩድ ወደሚባል ሰፈር ቤት ቀይረዋል፤ ትናንት ደወልኩላቸው። «ያን ቀን ከኋላ ይቀመጡ፣ ዝም ይበሉ ስላልኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«መቼ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?» አሉ። የምራቸውን ነው። እኔን ይህን ሁሉ ዓመት ሲቆጠቁጠኝ የኖረው ነገር እሳቸው ዘንድ ጨርሶ አልደረሰም። የደረሳቸው ደስታው ብቻ ነው።