ከልጄ ስልክ ላይ ያስወለቅኩት ቁልፍ

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን። ስም አልጠራም፤ የሰውን ነገር ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣት ምን እንደሚያስከትል አይቻለሁ። ማን ማን እንደሆንን ግን ልናገር።

አንደኛው እኔ ነኝ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። አባያ ዳር ሙዝ የሚያለሙ ገበሬዎች ፓምፓቸው ሲቆምባቸው የሚጠሩት እኔን ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብም ሞተር መፍታትም የተማርኩት ለብቻዬ ነው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ከእኔ ያነሰ ትናገራለች፣ ከእኔ የበለጠ ታያለች። ሦስተኛዋ ልጄ ናት። ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ሴቻ፣ የከተማችን ላይኛው ሰፈር፣ አንድ ቢሮ ውስጥ በጸሐፊነት ትሠራ ነበር። አራተኛዋ የልጄ ጓደኛ፣ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ቤታችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥርና ከላዩ የተንጋደደ የማንጎ ዛፍ ነው። አምስተኛው የዚህች ልጅ አባት ነው፤ የሙዝ ነጋዴና የእድራችን ሰብሳቢ። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ስድስተኛውን አይቼው አላውቅም። የማውቀው ድምፁን ብቻ ነው።

የተወለድኩት ከጨንቻ በላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ያደግኩበት የቀርከሃ ቤት በሩ ቁልፍ አልነበረውም። በአገራችን ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት ሜዳ ዱቡሻ ይባላል። ዝናብ ሲቀር ወይም ቤት ውስጥ በሽታ ሲመላለስ፣ አንድ ቦታ ያልተነገረ በደል አለ ይባላል። ያንን በደል ጎሜ እንለዋለን። የበደለው ሰው ሰው ፊት ቆሞ ይናገራል፤ ከተናገረ በኋላ ይታረቃል፣ ይቀለዋል። እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የሚደበቅ ነገር ሁሉ ክፉ ነው። ይህን ይዤ ወደ ቆላ ወረድኩ፤ ይህን ይዤ ቤተሰብ መራሁ።

ስልክ ቤታችን ሲገባ ሥርዓት አወጣሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ሳይቀርብ፣ ሁላችንም ስልካችንን ከፍተን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጣለን። የእኔም ጭምር። የፈለገ የፈለገውን ያነባል። ባለቤቴ የእኔን አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። እኔ ግን መነጽሬን አድርጌ የልጄን አነብ ነበር፤ ያውም ጮክ ብዬ።

«‹ነይ ሻይ እንጠጣ› የሚልሽ ማነው?»

«የቢሮ ሰው ነው አባዬ።»

«ቢሮ ውስጥ ሻይ የለም?»

«አለ። ግን እንዳንተ ጥያቄ ይመራል።»

ባለቤቴ ፊቷን አዙራ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ያን ጊዜ ብስቅ ምን ነበረበት እያልኩ ዛሬ አስባለሁ። ልጄ ከእኔ ጋር መቀለድ ያቆመችው በየትኛው እሑድ እንደሆነ አላውቅም። ማቆሟን ያስተዋልኩት ከቆየ በኋላ ነው።

አንድ እሑድ ስልኳ ላይ ያለውን የመልእክት መላላኪያ በእኔም ስልክ ላይ ልከፍተው ስሞክር ሌላ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለጥንቃቄ ነው። አካውንት የሚሰርቁ አሉ። ለመግቢያ የሚላከውን ቁጥር ቢያገኙ እንኳ ይህን ካላወቁ አይገቡም።»

«ከማን ነው የምትጠነቀቂው? ከእኔ?»

«ከሌባ።»

«እኔ ቤት ሌባ አለ?»

«አባዬ፣ ያንተ ሱቅ ቁልፍ የለውም እንዴ?»

ይህ መልስ አናደደኝ፤ እውነት ስለነበር። የሱቄ በር ላይ ሁለት ጓጉንቸር አለ። «እዚያ ያለው ዕቃ ነው፤ ይሄ ወሬ ነው። ንጹሕ ሰው ወሬውን አይቆልፍም» አልኳት። እዚያው ፊቴ ቁልፉን አስወለቅኳት። አካውንቷንም በእኔ ስልክ ላይ አስከፈትኩ፤ እሑድን መጠበቅ እንዳይኖርብኝ። በአውራ ጣቷ ቶሎ ቶሎ ነካክታ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ተነስቷል» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ።

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና፣ «ልጅቷ እኮ ሃያ ዓመቷ ነው» አለች።

«በእኔ ቤት ሃያም አርባም አንድ ነው።»

ከዚያ ወዲህ መልእክቶቿን በየማታው አያቸው ነበር። ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነበር የማየው። ልጄ ሌላ ሰው እንዲያየው የማትፈልገውን ወደ አንድ ማኅደር ታነሳው እንደነበርና እንዲህ ያለ ማኅደር መኖሩን ያወቅኩት በኋላ፣ ሌባው ካገኘው በኋላ ነው።

በዚያው ሰሞን በእድራችን ግሩፕ ላይ የአባላቱን ዝርዝር ለጠፍኩ። የአባወራው ስም፣ ስልክ፣ የልጆቹ ስም፣ የልጆቹ ስልክ። ከሥሩ «ለግልጽነት ሲባል» ብዬ ጻፍኩበት። አንዲት እናት «ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ?» ብትል ስለ ግልጽነት ረዘም ያለ ምክር ሰጠኋት። 

ማክሰኞ ጠዋት አባያ ዳር አንድ ፓምፕ ፈትቼ እጄ በግሪስ ተነክሮ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሰውዬው ያናገረኝ በጋሞኛ ነበር፤ ያውም በደገኛው አነጋገር። እኛ ከተማ ውስጥ ከማናውቀው ሰው ጋር የምንነጋገረው በአማርኛ ነው። እኔም ሠላሳ ዓመት ከደንበኛ ጋር የኖርኩት በዚያው ነው። በእናቴ ቋንቋ ሲጠራኝ ውስጤ ተከፈተ። ስሜን ያውቃል፣ የልጄን ስም ያውቃል፣ እድሩን ያውቃል። ይህን ሁሉ ከየት እንዳገኘው አልጠየቅኩም። ያገኘው ከእኔው ዝርዝር ነበር።

የእድሩ ግሩፕ ሊመዘገብ ነው አለኝ፤ ለእኔና ለልጄ ቁጥር ስለሚመጣ ሁለቱንም እንዳነብለት። ሁለቱም እኔ ስልክ ላይ መጡ፤ የልጄንም አካውንት እዚያ ያስከፈትኩት እኔው ነኝ። ጣቴን በሱሪዬ ጠርጌ አንድ በአንድ አነበብኩለት። ከቁጥሩ ሥር «ለማንም አይስጡ» የሚል ነበር። ያንንም መስመር አንብቤዋለሁ። የአገሬን ቋንቋ የሚናገር ሰው እንዴት «ማንም» ይሆናል? እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ቀትር ሳይሞላ አካውንቴ ከገዛ ስልኬ አስወጣኝ። በእኔ ስምና በእኔ ፎቶ ለእድሩ ሰዎች «ባለቤቴ ድንገት ታማ ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው፣ ድረሱልኝ» የሚል መልእክት ሄደ። ስምንት ሰዎች ብር ላኩ። ባለቤቴ በዚያ ሰዓት ገበያ ነበረች። አንዲት የእድር ሴት አይታት በድንጋጤ ጮኸች አሉ።

«አንቺ! ቀዶ ጥገና አይደለሽም እንዴ?»

«እኔ? ጎመን እየገዛሁ ነኝ።»

ከሴቻ ልጄ በሚኒባስ እየበረረች መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «የእኔም ተወስዷል። የእኔንም ቁጥር ሰጥተኸዋል?» አለችኝ። «ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ሁላችንም ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሰውዬው እንደገና ደወለ። አሁን በአማርኛ ነው፤ ጠዋት አንቱ ያለኝ ሰው አሁን አንተ አለኝ። ባለቤቴና ልጄ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«አራት ሺህ ብር ላክ። ካልላክ ልጅህ ጋ ያገኘሁትን እድሩ ላይ እለጥፈዋለሁ።»

«ለጥፈው!» አልኩ። «በእኔ ቤት የሚደበቅ ነገር የለም!»

ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። «አባዬ ቆይ። በእናትህ ቆይ። ክፈለው።»

«ለሌባ?»

«የእኔ አይደለም፣ የሰው ነው። ከደመወዜ እኔ እከፍላለሁ። አንተ ብቻ ዝም በል። አንድ ሰዓት ስጠኝ፣ ሄጄ ልንገራት።»

«የሰው ነገር አንቺ ጋ ምን ይሠራል?» አልኩና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ደረቴን ነፍቼ፣ ዱቡሻ ላይ እንደቆመ ሽማግሌ ቀጥ ብዬ ቆሜ ነበር። ልጄ ጫማዋን ሳታደርግ ወደ ጎረቤት ሮጠች። ጓደኛዋ ቤት አልነበረችም። ስልኳም አይነሳም።

ብንከፍለው ይተወን ነበር ወይ? አላውቅም። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር ይሉኛል፤ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ለሌባ ባለመክፈሌ ዛሬም አልጸጸትም። የሚጸጽተኝ ሌላ ነው። ልጄ የለመነችኝ አንድ ሰዓት ነበር፤ ጓደኛዋን አግኝታ የምታስጠነቅቅበት። ሰውዬውን በወሬ ማቆየት እችል ነበር። የገበሬን ክርክር ግማሽ ቀን የምችል ሰው ነኝ። አላደረግኩትም፤ ጀግና መምሰል ፈለግኩ።

የተለጠፈው አንድ ፎቶ ነበር። በሌላ ከተማ ካለ የነርስ ትምህርት ቤት የመጣ የቅበላ ወረቀት፣ ከሥሩም የጎረቤቴ ልጅ ለልጄ የጻፈችው፦ «ከሠርጉ በፊት ባለው ሰኞ እሄዳለሁ። ለአባዬ ከደረስኩ በኋላ እደውልለታለሁ። የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።» ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሙሽራውን የመረጠው አባቷ ነው፤ የሚተከለው ድንኳን የእድሩ ነው፤ የእድሩ ሰብሳቢም እሱ ነው። መልእክቱ ግሩፑ ላይ የወጣው ደግሞ በእኔ ስምና በእኔ ፎቶ ነበር።

ጎረቤቴ ስልኩን እንደያዘ አጥሩን ዞሮ መጣ።

«ጸሐፊ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የሌባ ሥራ ነው ወንድሜ። አካውንቴን ሰርቀውኝ…»

«ስለ ሌባው አልጠየቅኩህም። የተጻፈው እውነት ነው ወይ?»

ልጄን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች። ዕድሜ ልኬን እውነት ይውጣ ስል የኖርኩ ሰው፣ ያን ጊዜ እውነቱ ባይወጣ ምን ነበር ብዬ ተመኘሁ። ጎረቤቴ ዝምታችንን አይቶ መልሱን አገኘ። አጥሩን ዞሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በማግሥቱ የልጅቷን ስልክ፣ መታወቂያዋንና የትምህርት ቤቱን ወረቀት ቀምቶ ደጋ ያለች እህቱ ጋ ሰደዳት። የሙሽራው ወገኖችም ወሬው ደርሷቸው ሠርጉን ሰረዙ፤ ያወጡትን ወጪም ጠየቁ። የምዝገባው ቀን እሷ ደጋ እንሰት ስትፍቅ አለፈ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ተነስቼ ቆምኩ። ያየሁት ሥርዓት አንድ ብቻ ስለሆነ በዚያው አደረግኩት፤ ጥፋቴን በአፌ ተናገርኩ። ቁልፉን ማስወለቄን፣ ዝርዝሩን መለጠፌን፣ ቁጥሩን ማንበቤን፣ «ለጥፈው» ማለቴን። ጸሐፊነቱንም አስረከብኩ። ስጨርስ ከአገሬ የወረዱ አንድ አዛውንት ከመቀመጫቸው ሳይነሱ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ዱቡሻ ያደግኩበት ነው። እዚያ ሰው የራሱን ይናገራል። የሌላውን ኪስ በርብሮ የሚያነብ ግን እስከዛሬ አላየሁም። ይህን ከየት አመጣኸው?»

 ከየትም አላመጣሁትም፤ ራሴው ነኝ የሠራሁት። የአባቶቼን ሥርዓት ግማሹን ይዤ ግማሹን ጥዬ ነው የወረድኩት። እዚያ ሜዳ ላይ የሚናገረው ሰው በራሱ እግር ሄዶ ይቆማል፣ የሚናገረውንና የማይናገረውን ራሱ ይመርጣል። እኔ ልጄን ጎትቼ አቆምኳት፣ በእሷም በኩል የጎረቤቴን ልጅ። ‹የምደብቀው የለኝም› የሚል ሰው ዛሬ ስሰማ ዝም ማለት ያቅተኛል። አንተ ባይኖርህ፣ አምኖ የነገረህ ሰው የለም ወይ? እለዋለሁ። ስልክህ ውስጥ ያለው ያንተ ብቻ አይደለም።

ጎረቤቴ ሰባት ወር ሰላምታ ነሳኝ። ከዚያ አንድ ቀን ፓምፑ ተበላሽቶ ጠራኝ፤ ስለ ፓምፑ ብቻ ተነጋገርን። ልጅቷ ከዓመት በኋላ፣ በሽማግሌ ልመናና በአባቷ ፈቃድ፣ እንደ አዲስ ተመዝግባ ሄደች። ልጄ መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት። እኔ በራችን ላይ ቆሜ ነበር። ሻንጣዋን እየጎተተች በፊቴ ስታልፍ፣ እንደ ድሮው ጎንበስ ብላ «ደህና ይዋሉ ጋሼ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ አሁን ሴቻ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። እሑድ እሑድ ትመጣለች። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ እኔም አልጠይቅም። አንድ እሑድ የእኔን ስልክ ወስዳ ያንን ሁለተኛ ቁልፍ አበጀችልኝ።

«ቃሉን አንተ ጻፈው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስክጨርስ ድረስ አልዞረችም። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ብዙ ጠበቀች። ፊደሎቹን ስፈልግ ጀርባዋን አየሁት። ይህን ያህል ዓመት ይህን አክብሮት ለእሷ መንፈጌን ያን ጊዜ አወቅኩ።

«ልንገርሽ? ምናልባት ብረሳው…» አልኳት።

«አትንገረኝ አባዬ። ያንተ ነው።»

ሰውዬው አልተያዘም። የእድሩ ሰዎች ያጡት አሥራ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ብር ነው። ለሙሽራው ወገን የተመለሰው ሠላሳ ስምንት ሺህ፣ ልጅቷ በድብቅ ከፍላ የቀረባት የመጀመሪያው ምዝገባ ሦስት ሺህ አምስት መቶ። ከእኔ የተጠየቀው አራት ሺህ ብር፣ ልጄ የለመነችኝ ደግሞ አንድ ሰዓት ነበር። ሁላችንንም ያስከፈለን በድምሩ ሃምሳ ዘጠኝ ሺህ ብርና የአንዲት ልጅ አንድ ዓመት ነው።