ሰርቪሷ

ቡታጅራ ላይ «ሰርቪስ» የማይገባበት ጉዳይ የለም። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚያመላልሰው መኪና ሰርቪስ ነው። ባጃጅ ዘይት ሊቀየርለት ጋራዥ ሲቆም ሰርቪስ ገባ ይባላል። ጡረታ የደረሰ አንድ ባልደረባችንም «አንተ ስንት ዓመት ሰርቪስ አለህ?» እያለ ወጣት መምህራንን ያሸማቅቃል። የእኔዋ ሰርቪስ ግን ከትልቁ ቤት ጀርባ ያለችው፣ አልጋና ጠረጴዛ ሲገባባት መተላለፊያ የምታጣው ክፍል ናት። በመምህርነት ተመድቤ ከጎጃም ስመጣ ተከራየኋት፤ ይኸው ስድስት ዓመት ሆነኝ።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ገበያ ላይ በርበሬ የሚነግዱ እናት ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ። እሳቸው የልብስ ገመዴን አረገብሽብኝ ይላሉ፣ እኔ ዶሮዎችዎ ደጃፌን አበላሹት እላለሁ። ኩርፊያችን ከምሳ ሰዓት አልፎ አያውቅም። እወዳቸዋለሁ።

አምና አረፋ ሲቃረብ አዲስ አበባ ያሉት አራት ልጆቻቸው ከነቤተሰባቸው ሊመጡ ሆነ። የበኩር ልጃቸው ቀደም ብሎ መጣና ክፍሎቹን ሲቆጥር ቆይቶ በሬን አንኳኳ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስንመጣ የምናርፍበት ጠበበን። ሰርቪሷን ብትለቂልንና ሌላ ቤት ብትፈልጊ?»

ምን እላለሁ? ቤቱ የአባቱ ነው። «እሺ» አልኩት። በከተማው ቤት ሞልቷል፣ እማማ ያሉበት ግን ይህ ብቻ ነው። እንባዬን እየዋጥኩ መጽሐፎቼን ጆንያ ውስጥ መክተት ጀመርኩ።

እማማ ከገበያ ሲመለሱ ደረሱብኝ።

«ያ አላህ! ምንድን ነው ይሄ ጆንያ?»

ነገርኳቸው። ልጃቸውን ጠርተው በሬ ላይ አቆሙት።

«አንተ በዓመት ስንት ጊዜ ትመጣለህ?»

«ለአረፋ ነዋ፣ እማዬ።»

«ስንት ቀን ትቆያለህ?»

«ሦስት... አራት ቀን።»

«ክረምት ላይ ወድቄ መነሣት ሲያቅተኝ ደግፋ ሽንት ቤት ያደረሰችኝ ማን ናት?»

ልጁ ዞር ብሎ አየኝ።

«እሷ የቤት ልጅ ናት። እንግዳው አንተ ነህ። ለእንግዳ ደግሞ ሳሎን ይነጠፍለታል!»

ያኔ የዋጥኩት እንባ ሁሉ ወጣ። እሳቸው አላባበሉኝም፤ ጎንበስ ብለው መጽሐፎቹን አንድ በአንድ ከጆንያው አወጡ።

ለአረፋ ልጁ ሳሎን ወለል ላይ በፍራሽ ተኛ። ጠዋት አንገቱን እያሻሸ ሲወጣ አይቼ ከልቤ አዘንኩለት። ክፍሌን ግን አልሰጠሁትም።